ኢርያና ሁለተኛው ስኒ

ሚስቴ ኢርያ ተቀምጣ አታውቅም። የምትበላው ቆማ ነው። ስልክ የምታወራው ከኩሽና እስከ በረንዳ እየተመላለሰች ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ቄሱ ስብከቱን ትንሽ ካስረዘመው እግሯ ከአግዳሚው ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከፊት የተቀመጡት ዘወር ብለው የሚገላምጡት ግን እኔን ነው። እኔን! ከተጋባን አርባ ዓመት አልፎናል፤ እስከ ዛሬ አንድ ሙሉ የቴሌቪዥን ዜና አብረን ተቀምጠን አይተን አናውቅም። እንዲህ ያለችው ቅብጥብጥ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራዋን የበላችው በመቀመጥ ነው ብላችሁ ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን እሱ ነው። በደመወዝ ወረቀቷ ላይ "አስተናጋጅ" ተብሎ ይጻፍላት ነበር። ሥራዋ መስኮት ዳር ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኛ ሳቮዎች፣ ከሄልሲንኪ በስተ ሰሜን ያለን የሐይቅ አገር ሰዎች፣ አንድ ክፉ አመል አለብን። ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ "ኑ እንጂ ብሉ" ሲባል የሚነሳ ሰው የለም። ሠርግ ይሁን ልደት፣ ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። "አንተ ቅደም።" "ኧረ አንቺ ቅደሚ።" "እኔ እኮ አሁን ቤቴ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።" ውሸቱን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮው ደርቋል። መቅደም ነውር ነው። ሆዳም ያሰኛል፣ ራሱን ከሰው በላይ ቆጠረ ያሰኛል። ይሉኝታችን ቡናውን ያቀዘቅዘዋል። ሁለተኛ መሆን ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ለሁለተኛነትማ በክርን እንጋፋለን።

የኢርያ ታላቅ ወንድም ታይስቶ ይህን አመል እያወቀ ነው ካፌ የከፈተው። ታይስቶ የወተት መኪና ነጂ ነበር፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ እጁ አካፋ የሚያክል ሰው። ኢሳልሚ ከተማ አውቶቡስ ተራው አጠገብ የነበረውን አሮጌ የብረታ ብረት ሱቅ ተከራይቶ፣ በገዛ እጁ ቀለም ቀብቶ፣ በቀይ ፊደል ስሙን ከበሩ በላይ ጻፈ። ወሩ በረዶው ቀልጦ ጭቃ የሚሆንበት ወር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ዳቦ ቤት እሠራለሁ፤ ሄል የገባበትን ጣፋጭ ዳቦ በትሪ አምጥቼ በጓሮ በር ገብቼ ቆሜያለሁ። ዳቦ አምጪ ስለሆንኩ እንደ ሰው አልቆጠርም፤ ስለዚህ የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታይስቶ ነጭ ሽርጡን ታጥቆ ባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ውጭ ደግሞ ሰው ሞልቷል። ግማሹ የአውቶቡሱን ሰዓት ሰሌዳ ፈተና እንዳለበት ተማሪ ያጠናል። ግማሹ የጎረቤቱን ጫማ ሱቅ መስኮት ያያል። አንዲት ሴትዮ በራችን ላይ ደርሳ ጓንቷን አወለቀች፣ አሰበች፣ መልሳ አጠለቀችና ሄደች። ቡናው ማሞቂያው ላይ እያረረ ታይስቶ ይደፋዋል፣ እንደገና ያፈላል፣ እንደገና ይደፋል። አንጀቴን በላው። ምን ልበለው? እኔም ሳቮ ነኝ።

በዚህ መሃል ኢርያ በብስክሌት እየበረረች መጣች። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ የሥራ ተራዋ ሳይደርስ ወንድሟን አይታ ልትሄድ ነው።

"ምነው ፊትህ እንደ እርጎ ነጣ?" አለችው ገና ከበሩ።

"ማንም አልገባም።"

"በሩን ቆልፈኸው ይሆናላ!"

"ክፍት ነው። ደጋግሜ አየሁት።"

"ታዲያ እነዚህ ውጭ የተገተሩት ማንን ነው የሚጠብቁት?"

"እርስ በርሳቸውን" አለ ታይስቶ፣ እንደ ልጅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ኢርያ እዚህ የማይጻፍ ነገር ተናገረች። ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ወረወረችው። "ቡና ቅዳልኝ! ያንን ትልቁን ዳቦ ስጠኝ። እዚያ ጋ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከተማው ሁሉ እንዲያየኝ!" ብላ ሄዳ ቁጭ አለች። እኔ ከጓሮ በኩል የማየው እግሯን ነው። ከወገቧ በላይ የከንቲባ ሚስት መስላለች፤ ዳቦዋን ቆረስ፣ ቡናዋን ፉት፣ መንገዱን በኩራት ማየት። ከጠረጴዛው ሥር ግን ጉልበቷ እንደ ፋብሪካዋ የስፌት መኪና ይርገበገባል።

ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

"ከተከፈተ ቆይቷል?"

"ኧረ ቆይቷል!" አለች ኢርያ። "እኔ እንዲያውም ሁለተኛ ስኒዬ ነው።"

ውሸቷን ነው። ታይስቶ ግን ይህን ሲሰማ እህቱ እንዳታፍር ብሎ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሮጠና ስኒዋን እንደገና ሞላው። ሽማግሌው አየ። "ሁለተኛው ይከፈልበታል?" አለ። ታይስቶ ምን እንደሚል ጠፋውና፣ "የለም የለም፣ የሁለተኛው ዋጋ በመጀመሪያው ውስጥ ነው" አለ። ሽማግሌው ገባ። ከዚያማ በሩ ሊነቀል ደረሰ፤ የጎረቤቱን ጫማ ሲያዩ የነበሩት ሁሉ ሁለተኛ ለመሆን ተጋፉ። ያች ከአፉ ያመለጠችው ቃል ኋላ በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈች።

ኢርያ ያን ቀን ፋብሪካ አልገባችም፤ ከዚያ በኋላም አልገባችም።

ታይስቶ ሞኝ አልነበረም። ቫርካውስ ከተማ ሁለተኛውን ካፌ ሲከፍት እህቱን ከማለዳው መስኮት ዳር አስቀመጣት። ፒየክሳማኪም እንዲሁ፣ ኩኦፒዮም እንዲሁ። የየከተማው ሰው እንዳይለያት ኮትና ባርኔጣ ትቀያይራለች፤ የባርኔጣዎቿ ሳጥን የሚቀመጠው እኔ መኪና ላይ፣ ከዳቦው ትሪ ኋላ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ የካፌው ዳቦ አመላላሽ ሆኜ ነበርና ዳቦውንም እሷንም የማደርሰው እኔ ነኝ። ሥራዋ ቀላል መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ሳይቸኩሉ መጠጣት፣ ሰው እስኪሞላ አለመነሳት ነው። ለሌላው ሰው ደስታ ነው፣ ለሷ ግን ቅጣት ነበር። ካፌው ሞልቶ ነፃ ስትወጣ፣ ክረምቱን ሙሉ ጋጣ ታስራ በጸደይ እንደተለቀቀች ጊደር ትሆናለች። ሐይቅ ባየን ቁጥር "አቁም!" ትለኛለች፤ ወርዳ መኪናውን ትዞረዋለች፣ ድንጋይ ትወረውራለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ዳቦው ይደርቃል። እኔ እናደዳለሁ። ናፍቆቴም እሱ ነበር፤ እሷ የሌለችበት ቀን መንገዱ አይገፋልኝም።

አንድ ቀን ከእነዚህ ሐይቆች ባንዱ ዳር ቆመን፣ "አርቪ" አለችኝ፣ "ልትናገር ነው ወይስ እኔ ልናገር?"

"ምኑን?"

"ተወው በቃ። እንጋባ።"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። የሳቮ ሰው ሲጠየቅ የሚለው እንዲህ ነው።

"'ላይሆንም ይችላል' ብለህ ጨርሰውና ከዚህ በእግሬ ነው የምሄደው።"

አልጨረስኩትም። እነሆ ሚስቴ ናት።

የታይስቶ ካፌ የማይገባበት ከተማ ጠፋ። "ታይስቶ ጋ እንገናኝ" ማለት በኛ አገር ተራ ንግግር ሆነ። እጮኛሞች ታይስቶ ጋ ይተያያሉ፣ የተጣሉ ወንድማማቾች ርስታቸውን ታይስቶ ጋ ይካፈላሉ፣ ሚስት የሞተባቸው ወንዶች ጠዋት ገብተው እኩለ ቀን ላይ ይወጣሉ። ለነዚህ የመጀመሪያው ስኒ ቡና ነው፤ ሁለተኛው ስኒ ቤት ላለመሄድ ሰበብ ነው። ታይስቶ ያውቀው ነበር። ሰው ጎረቤቱን ካንቺ ጋ ቡና ይፈላል ወይ ብሎ በማይጠይቅበት አገር ውስጥ፣ "ልድገምህ?" የሚል አንድ ሰው መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን በካፌው ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። የሁሉም ባለቤት ከሆነ በኋላ እንኳ በጓሮ በር ነው የሚገባው፤ ባንኮኒው ኋላ ይቆማል፣ ሰው ሲጠጣ ያያል፣ ይወጣል። "ባለቤት ተቀምጦ ከጠጣ እንግዳው ይሳቀቃል" ይል ነበር። እኔም እንዳለው አመንኩ።

ከዚያ ዘመኑ ዞረ። የመኪና መንገዱ ከከተማ ውጭ ወጣ፤ ነዳጅ ማደያዎቹ ቡናና ሾርባ መሸጥ ጀመሩ፤ ሰፋፊ የገበያ አዳራሾች በየከተማው ጠርዝ በቀሉ። ወጣቱ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየሄደ መጠጣት አመጣ። ቆማ የምትበላው ሚስቴ እንኳ "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" አለች። የድሮው ገንዘባችን ማርካ ቀርቶ ዩሮ በገባ ማግስት ከሄልሲንኪ አንድ አማካሪ መጣ። ባለጌ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ጨዋ ነው። ሁለተኛው ስኒ ወንበር እንደሚይዝ፣ ወንበር የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ እንደማያስገባ ለታይስቶ አስረዳው። ታይስቶ ሰማ። ፈርቶ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ የነገሩትን ሁሉ ይሰማል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የየቅርንጫፉን ኃላፊዎች ኢሳልሚ ሰበሰበ። እኔም ኢርያም ነበርን። ታይስቶ እንደ ልማዱ ባንኮኒው ኋላ ቆመና፣ "ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሁለተኛውን ስኒ ልናስከፍል ነው" አለ። "ብዙ አይደለም፣ ሳንቲም ነገር ነው። እ... የሚናገር ካለ አሁን ይናገር።"

የቫርካውሷ ኃላፊ ጫማዋን አየች። የኩኦፒዮው መነጽሩን ጠረገ። እዚያ ቤት ውስጥ ነገሩን የወደደው አንድም ሰው እንዳልነበረ በኋላ አውቄያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቅ ነበር። ቀስ በቀስ ዓይኖች ሁሉ ወደ ኢርያ ዞሩ። የኔም። ታይስቶም እሷን ነበር የሚያየው። ሁሌ የምትቀድመው እሷ አይደለችም? እኔ እግሯን አየሁ። እግሯ አይንቀጠቀጥም። ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ከአርባ ዓመት በላይ ሳውቃት ያን ቀን ብቻ ነው እግሯ የረጋው፣ ደነገጥኩ።

"እንግዲያው ተስማምተናል" አለ ታይስቶ። ቡና ቀረበ። ሁለተኛውን ማንም አልጠጣም።

በመኪና ስንመለስ አልቻልኩም። "ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ደከመኝ አርቪ። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ቀደምኩ። አንዴ፣ አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ይቅደም ብዬ ጠበቅኩ።"

"እና?"

"እና እነሱ እኔን ጠበቁ።"

ሐይቁ ጋ ስንደርስ አቁም አላለችኝም።

አሁን ደግሞ ስለ ደንበኞቻችን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። አንድም ሰው አላማረረም። አንድም! ታይስቶ "አስተያየትዎን ይስጡን" የሚል ሣጥን በየባንኮኒው አስቀመጠ። የተገኘው ወረቀት ሁሉ "ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን" ይላል። ታይስቶ ደስ አለው፤ "አየሽ፣ ማንም አልተቀየመም" እያለ ለኢርያ ደወለላት። በየጠረጴዛው ግን እነዚያ ሚስት የሞተባቸው ሰዎች አንድ ስኒ ይጠጣሉ፤ አስተናጋጇ "ልድገምዎት?" ስትል መዳፋቸውን ስኒው አፍ ላይ ያኖራሉ። በኛ ዘንድ እጅ በስኒ ላይ ማለት "በቃኝ" ነው። ፈገግ ይላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፣ ይወጣሉ። በማግሥቱ አይመጡም። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። ሐሰት ነው! የኛ ዝምታ ነቅዞ ነው ያን ሁሉ ቤት የበላው።

መጀመሪያ ፒየክሳማኪ ተዘጋ፣ ከዚያ ትንንሾቹ። ኢርያ በየከተማው ሄጄ እኔ ልዝጋው ብላ ራሷ ለመነች። ቤት መቀመጥ ስላልቻለች ነው። ጠዋት አንዱ ከተማ ወንበር ትቆጥራለች፣ ከሰዓት ሌላው ከተማ መጋረጃ ታወርዳለች፤ እኔ እየነዳሁ እሷ እዚያው መኪናው ውስጥ ትቁነጠነጣለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ሬድዮውን ትቀይራለች። የከፈተቻቸውን ሁሉ በገዛ እጇ ዘጋች።

ታይስቶ በመጨረሻ ነቃ። ሁለተኛውን ስኒ መለሰ፤ በጋዜጣ አስነገረ፣ የግድግዳውን ጽሑፍ እንደገና ቀባ። የኛ አገር ሰው ግን ለመምጣት ብቻ ሳይሆን ለመመለስም ቀዳሚ ይፈልጋል። ታይስቶ ስለዚህ እህቱን ጠራት። ቫርካውስ፣ ያው መስኮት፣ ስትከፍተው ያደረገችው ያው አረንጓዴ ባርኔጣ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት። ከማለዳ ጀምራ ተቀመጠች። ስኒ በስኒ ላይ ጠጣች። ሰዉ ከውጭ ያያታል፤ አሁን ደግሞ ሁሉም ያውቃታል። እጁን ያወዛውዝላታል፤ ወደ ገበያ አዳራሹ ያልፋል። አንዳንዱማ ቆሞ "ደህና ነሽ?" ይላል በመስታወቱ በኩል። አይገባም። ሌላ ቤት ለምዷል፤ ደግሞስ ማን ይቅደም?

ታይስቶ ሊያያት ሲመጣ ቤቱ ባዶ ነበር። እኔ ትሪዎቹን እያነሳሁ ነው።

"ዛሬ መቀመጥሽ ምን ይረባል?" አላት። "ያን ቀን መናገር ነበረብሽ።"

ኢርያ ብድግ አለች። "አፍ የለህም አንተስ? ካፌው ያንተ ነው!"

"አንቺን እየጠበቅኩ ነበር። ሁልጊዜ የምትቀድሚው አንቺ ነሽ። ያን ቀን ብቻ ዝም አልሽ።"

"እኔ ምንህ ነኝ? ጥሩምባህ ነኝ?"

ታይስቶ ባርኔጣውን አድርጎ በጓሮ በር ወጣ። ቫርካውስም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ተጣሉ አይባልም፤ ተጣልተው ቢሆን ይሻል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም ተባባሉ። ታይስቶ በኢርያ ልደት ቀን ይመጣል፤ ሚስቱም ያን ጊዜ አርፋ ነበርና ብቻውን ነው የሚመጣው። ስለ አየሩ ይነጋገራሉ። ኢርያ ቆማ አንድ ስኒ ትቀዳለታለች። ማንቆርቆሪያውን መልሳ ስታመጣ መዳፉን፣ ያንን አካፋ የሚያክል መዳፉን፣ ስኒው ላይ ያኖራል። "አመሰግናለሁ፣ በቃኝ።" የሷን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት! በጥፊ መታት ትላላችሁ። ከሄደ በኋላ ቤቱን ስትዞረው ታመሻለች። እየዞረች አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ "ካፌውን የጣልኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው?" እኔ አላውቅም እላለሁ። እውነትም አላውቅም፤ ዝምተኛን ማን ያውቀዋል።

ባለፈው መከር የቀረው የኢሳልሚው ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያው። ሕንፃው ተሸጦ ፋርማሲ ሊሆን ነው። ታይስቶ ደግሞ ልጁ ጋ ሊኖር ሩቅ ሰሜን ኦውሉ ሊሄድ ዕቃውን ጠቅልሏል፤ ካፌው በተዘጋ ማግሥት ነው የሚሄደው። ሰማንያ ሊደፍን ነው፣ ልቡም ደካማ ነው። ኢርያ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች።

"ይህን በሆዱ ይዞ ከሄደ አልቆልኛል" አለችኝ። "ምን ልበለው?"

"ይቅርታ በይው።"

"እሱስ?"

"እሱም ይላል።"

"ማን ይቅደም?"

"ኧረ በፈጠራችሁ!" ብዬ ጮህኩባት። እኔ እንኳ ቁጡ እባላለሁ እንጂ እሷ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። "ወንድምና እህት ናችሁ ወይስ የአውቶቡስ ተራ?"

ሥራ የሚለቅ ሰው በኛ አገር ለሚቀሩት የስንብት ቡና ያጠጣል። ካፌውም እንደ ሰው ተቆጥሮ ለከተማው የስንብት ቡና አቀረበ፤ ሁሉም በነፃ። እና ማን ቀረ? ለስንት ዓመት ዝር ያላሉት ሁሉ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ቀብር እንወዳለን። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሄሉ ዳቦ፣ ዓሣ በሆዱ ይዞ የተጋገረ የአጃ ዳቦ፣ ክሬም የተቀባ ኬክ ተደርድሯል። ሰዉስ? ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "አንተ ቅደም።" "ኧረ አንቺ።" ቡናው መቀዝቀዝ ጀመረ። ኢርያ መስኮት ዳር ካለችው ከጥንቷ ወንበሯ አጠገብ ቆማ መደገፊያውን ጨብጣለች።

በሩ ተከፈተና ታይስቶ ገባ። በፊት በር። ከወተት መኪናው ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ቀልደኛ ከግድግዳው ሥር፣ "በይ እንጂ ኢርያ! እንደ ልማድሽ ቁጭ በይና አስጀምሪን፣ በጥም ሞትን!" ብሎ ጮኸ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ትቀመጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ሳበችና ወደ ወንድሟ አዞረችው።

"ታይስቶ፣ ና ተቀመጥ። ዛሬ አንተ ቅደም።"

ታይስቶ ባርኔጣውን በእጁ አሸው። "ቤቱ የኔ ነው። ባለቤት አይቀድምም።"

"ከነገ ጀምሮ ያንተ አይደለም። ና።"

መጣ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙን ብቻ ይዞ ነው፣ የሰው ቤት እንደገባ ልጅ። ኢርያ ስኒውንም ዳቦውንም አምጥታ ፊቱ አኖረችለት። መንገደኛው ሁሉ በመስኮቱ ያየዋል፤ ቤቱ ሁሉ ከኋላው ያየዋል፤ ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ቀላ። ጠጣ። ቀልደኛው ከግድግዳው ተላቀቀና "እንግዲህ ባለቤቱ ከጀመረማ..." እያለ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ከኋላውም ያው ግፊያ፣ ያው የክርን ትግል። በዚያ ጫጫታ መሃል እነሱን የሚሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ትሪ ይዤ ከኋላቸው ስለቆምኩ።

"መጠየቅ አልነበረብኝም" አለ ታይስቶ፣ ስኒውን እያየ። "ያን እሑድ። መልሱን አውቀው ነበር። የጠየቅኩት እንድትከለክዪኝ ነው። ከዚያ ያንቺ ጥፋት ነው ብዬ ተኛሁበት።"

ኢርያ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። "እኔም አፍ ነበረኝ" አለች። "ሌላ ሰው ይናገር ብዬ ወንድሜን አስበላሁ። ይቅር በለኝ።"

ይህን ብላ ማንቆርቆሪያውን ወደ ስኒው አዘነበለች። እጁ ተነሳ። ያ መዳፍ መጥቶ ስኒው ላይ፣ እንፋሎቱ ላይ ቀጥ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደገና በቃኝ ሊላት ነው አልኩ። ከዚያ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"ሂሳቡስ?" አለ።

"በመጀመሪያው ውስጥ ነው" አለችው፣ እየቀዳች።

ቀድታ ስትጨርስ ሌላ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ለሥራ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዛት። ዳቦ የወደቀ መስሎኝ ጎንበስ ስል ከጠረጴዛው ሥር አየሁ፤ የኢርያ ጉልበት እንደ ልማዱ ይርገበገባል። የታይስቶም ጉልበት እንዲሁ፣ ያውም ከሷ ይብሳል። ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ባንኮኒ ኋላ የቆመው ለእንግዳ ብሎ አልነበረም። እሱም እንደ እህቱ መቀመጥ ስለማይችል ነበር። ያም ሆኖ አስተናጋጆቹ ሌሎቹን ወንበሮች ደራርበው እስኪጨርሱ ድረስ ሁለቱም አልተነሱም።